ከተመስገን ቀጥሎ ያለው

አባቴን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ተመስገን» ይለዋል፤ ስሙ ግን አይደለም። ዕድሜ ልኩን ያረጀ ሶፋ ሲያድስ የኖረ ሰው ነው። ወገቡን ቢያመው ተመስገን፣ መዶሻው ጣቱን ቢስተው ተመስገን፣ ሲመታውም ተመስገን። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይሄ ሰውዬ ቤቱ ቢቃጠል ሞቀኝ፣ ተመስገን ይላል» እያለች ታሾፍበት ነበር።

እሷ ከሞተች በኋላ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። አባዬ ሱቁን ይከፍታል እንጂ አይሠራም። ልጠይቀው ስሄድ ጨርቁ የተገፈፈ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መዶሻውን ጭኑ ላይ አጋድሞ የሚያልፈውን መኪና ያያል። ሱሪው ስለሰፋው ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ደህና ነህ ወይ ስለው «ተመስገን፣ ምን ጎሎብኝ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ጮኽኩበት። እሱም ረጋ ብሎ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብሎ መለሰልኝ።

የምሠራው ጥርስ ሐኪም ቤት ነው፤ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ላይ የድብርት መጠይቅ አገኘሁና በአባቴ ቦታ ሆኜ ሞላሁት። እንቅልፉንም ምግቡንም በመሰለኝ መለስኩ። «ከባድ» የሚል ውጤት ሲወጣ ደነገጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ልክ ነኝ ብዬ ትንሽ ኮራሁም። ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ ስለው የእብድ ፈተና ልታስፈትኚኝ ነው ብሎ አኮረፈ። ፈተና ይወደቅበታል፣ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ወድቄ የሰፈር መሳቂያ አልሆንም አለ። ግፊትህን ይለኩሃል ብዬ አባብዬ ወሰድኩት።

የአእምሮ ጤና ነርሷ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ የምትረሳ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ገና ሳልቀመጥ ስልኬን ዘረጋሁላት። ማን እንደሞላው ጠየቀችኝ። እኔ አልኳት። «እንግዲያው ይሄ የእርስዎን ጭንቀት ነው የሚያሳየው። የእሳቸውን ከራሳቸው እንስማ» አለችኝ። ደሜ ፈላ፤ ግን ዋጥኩት።

ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ታነብለት ጀመር። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ እምቢ ያለዎት በፍጹም ነው፣ አንዳንድ ቀን ነው፣ ወይስ በየቀኑ? ተመስገን። የምግብ ፍላጎትስ? ተመስገን። ነገር ሁሉ ያስጠላዎታል? ኧረ ተመስገን። ነርሷም «በፍጹም» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች። ስትደምረው ዜሮ መጣ። በወረቀቱ ከሄድን እዚያ ክፍል ውስጥ ካለነው ሁሉ ጤነኛው አባቴ ነበር። ኮፍያውን አነሳና ማለፍ አለማለፉን ጠየቃት።

በዚያች ሰዓት ብታሰናብተን ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ ወረቀቱ አለላት። እሷ ግን ወረቀቱን ትታ ቀበቶውን አየች። መጠይቁ ማለፍና መውደቅ እንደሌለበት፣ ሰው የነገረውን እንጂ የደበቀውን እንደማያውቅ አስረዳችው። ቁጥሩ ከፍ ቢል እብድ ነዎት ማለት አይደለም፤ ከየት እንጀምር ለማለት ነው፣ ሕክምናው መያዝ አለመያዙንም በኋላ እናይበታለን አለችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ተመስገን ማለትዎን አይተዉት። እሱ ግን ለፈጣሪ ነው። ለእኔ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ይንገሩኝ።»

አባዬ ፈገግ አለ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያየሁት የመጀመሪያ ፈገግታው ነው። ጥያቄውን ከላይ ጀመረችለት። ተመስገን፣ እንቅልፍ ግን የለም። ተመስገን፣ እህል ግን አይወርድልኝም። ተመስገን፣ መዶሻው ግን ከበደኝ። እኔ ዓመት ሙሉ ስጮህ ያልሰማሁትን በጥቂት ደቂቃ ሰማሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል ብለው ያስባሉ ወይ የሚል ነበር። ነርሷ እኔ እንድወጣ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው። ትቀመጥ አለ። ኮፍያውን በእጁ አዟዟረው። ተመስገን አላለም።

«በየቀኑ» አለ።

ነርሷ አልደነገጠችም። ያሰበው መንገድ እንዳለ፣ ማታ ከማን ጋር እንደሚያድር በግልጽ ጠየቀችው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አስገባችው። መድኃኒት ጀመረ፣ እየሄደም ያወራ ጀመር፣ እስኪረጋጋ ድረስም እኔ ቤት አደረ። ስታናድደኝ ለዋለችው ለዚያች ሴት ዛሬም ድረስ ስጸልይ ስሟን ከእናቴ ስም ቀጥዬ እጠራለሁ። አባቴን መልሳ የሰጠችኝ እሷ ናት።

እሱም ውሎ አድሮ ለመዳት። ያንኑ መጠይቅ በየጊዜው ስትጠይቀው «ዛሬስ ስንት ሰጠሽኝ?» ይላታል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ደግሞ ትምህርት ቤት እያለሁ እንዲህ ዝቅ ያለ ውጤት ባመጣ አባቴ ይገርፈኝ ነበር እያለ ያስቃታል። ሶፋ ማደሱን ጀመረ። ወደ ቤቱም ተመለሰ። እኔ ግን ስልክ በጠራ ቁጥር ልቤ መደንገጡን አልተወም፤ ቁጥሩ ቢወርድም ከአፉ ደህና ነኝ የሚለውን ማመን አቃተኝ።

ባለፈው ሰሞን፣ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ ፊቴ ቆሞ ሲያቃስት ስልኬ ጠራ። አባዬ ነው።

«ልጄ፣ ዛሬ ደህና አይደለሁም። ሥራሽን ስትጨርሺ ሳይሆን አሁን ነይ» አለኝ።

ሰውዬውን ለጓደኛዬ ትቼ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እንባዬ ሲወርድ አጠገቤ የተቀመጡት እናት እጄን ያዙኝና፣ ክፉ ወሬ ነው ወይ ልጄ ብለው ጠየቁኝ። አባቴን አሞት ነው አልኳቸው። ታዲያ ምን ያስቅሻል አሉኝ። እውነትም እየሳቅኩ ነበር። ራሱ ነግሮኝ ነው አልኳቸው።