ከሲሶ ወደ እርቦ

የያዙኝ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ የሰባትን ማባዣ በዜማ እያስባልኩ ሳለ ነው። ጠብመንጃ ያነገቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች በሩን ከፍተው ገቡ። ልጆቹ «ሰባት ጊዜ ስድስት» ላይ ደርሰው ነበር፤ መልሱ ሳይባል ቀረ። ጠመኔውን እንኳ ሳላስቀምጥ ወጣሁ። ቀበሌ ስንደርስ ፈታሹ ጠመኔውን ኪሴ ውስጥ አገኘና ምን እንደማደርግበት ጠየቀኝ። አስተምርበታለሁ አልኩት። አላመነኝም፤ በወረቀት ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ማስረጃ መሆኑ ነው።

እስር ቤቱ ከደሴ ፒያሳ ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የቆዳ መጋዘን ነበር። ቆዳው ከወጣ ቆይቷል፤ የጨውና የበሰበሰ ስብ ሽታው ግን እዚያው ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም በበሩ ሥር ገብቶ እግራችን ላይ ይተኛል። ስልሳ ያህል ሰዎች ነበርን።

አስተማሪ አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ያገኘውን ሰው ሁሉ ክፍል ይመድባል። እኔም አሳሪዎቼን መደብኳቸው። የአንደኛ ክፍል ልጅ እስከ መቶ መቁጠር ይማራል። የበሩ ጠባቂ በየማለዳው ሲቆጥረን አንድ ጊዜ ስልሳ አንድ፣ አንድ ጊዜ ስልሳ አራት እንሆንበት ነበር፤ ማንም ሳይገባ፣ ማንም ሳይወጣ። ሲሰለቸው ደስ ያለውን ጽፎ ይሄዳል። እሱን አንደኛ ክፍል አስደገምኩት። ሁለተኛ ክፍል መደመርና መቀነስ ነው። መቀነስን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ከቀነሷቸው መካከል ሁለቱ ከእግሬ ሥር የሚተኙ ልጆች ነበሩ። ሦስተኛ ክፍል ማባዛት ነው። በየስብሰባው የእህሉን ምርት ሲያባዙት የሰማ ሰው በዚህም አይጥላቸውም። አራተኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይ ይመጣል። የኛ ካድሬ የወደቀው እዚያ ላይ ነው።

ይህን የማውቀው አራተኛ ክፍልን ራሴ ስላስተማርኩት ነው። አሁን የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ሽጉጥ ታጥቆ ማን እንደሚፈታና ማን እንደሚቆይ የሚወስነው ይህ ሰው ከዓመታት በፊት ከኋላ ወንበር ይቀመጥ ነበር። ግማሽና አንድ ሦስተኛ ደምር ሲሉት ሁለት አምስተኛ ብሎ ይጽፋል፤ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ጋር እየደመረ። አንድ ዓመት አስደገምኩት፤ ያንኑ ጻፈ። ከዚያ አባቱ መጥተው ለመኑኝ። አንድ ክፍልፋይ ምን ያደርጋል ብዬ አሳለፍኩት። ያንን ቀን ሳስታውስ የምንቀው ሰው እሱ ብቻ አይደለም።

ከጎኔ የሚተኙት ሽማግሌ ከገራዶ በኩል የመጡ ሙስሊም ገበሬ ነበሩ። ወንጀላቸው በሬያቸው የአምራቾች ኅብረቱን ማሽላ መብላቱ ነው። በሬው አልታሰረም። የራሳቸው ገብስ ደግሞ ደርሶ አጫጅ ይጠብቃል፤ ቤት ውስጥ ያሉት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ ያን ሰሞን በየከሰዓቱ በረዶ ይጥል ነበር። ደመና ሲያጉረመርም እሳቸው ጣሪያውን እያዩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። በዚያ ሳምንት ካድሬው መጥቶ ቅዳሜ የሚፈቱ ሰባት ገበሬዎችን ስም አነበበ። የሳቸው አራተኛው ላይ ነበር።

ቁርሳችን የቀበሌው ዳቦ ነው፤ አንድ ዳቦ ለሦስት ሰው። እኔ፣ ሽማግሌውና አንድ ልብስ ሰፊ አንድ ዳቦ ይደርሰን ነበር። ቢላዋ ስለማይፈቀድ ሽማግሌው ከጋቢያቸው ጫፍ በመዘዙት ክር ይቆርጡታል። ቆራሽ የራሱን ድርሻ መጨረሻ ያነሳል፤ በሳቸው አገር ደንቡ እንዲያ ነው። ሦስቱን ቁራሽ እያገላበጥኩ ልዩነት ፈልጌ አላገኘሁም።

«የት ተማሩት አባባ?» አልኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት የሰው መሬት አርሼ» አሉኝ። «ደግ ጌታ ከአራት አንዱን ይወስዳል፤ እርቦ ነው። ክፉው ከሦስት አንዱን ይወስዳል፤ ሲሶ ነው። የኔው ክፉ ነበር። ሲሶን ያወቅሁት በጀርባዬ ተሸክሜ ነው ልጄ።»

ሐሙስ ዕለት ካድሬው ወረቀት ይዞ ገባ። አሰለፈን።

«የዳቦ ድርሻችሁ እስከ ዛሬ አንድ ሦስተኛ ነበር» አለ። «አብዮቱ ለጠላቶቹ እንኳ ስለሚራራ፣ ከነገ ጀምሮ ወደ አንድ አራተኛ ከፍ እንዲል ተወስኗል!»

አጨበጨብን። ያልገባው አጨበጨበ፣ የገባው አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ከበላይ የመጣው ወረቀት ለአንድ ሰው አንድ አራተኛ ይላል፤ ከፍ ማለቱን የጨመረበት እሱ ነው። አራት ከሦስት ስለሚበልጥ ከልቡ ደስ ብሎት ነበር።

ሽማግሌው አላጨበጨቡም።

«አንዱን ዳቦ ለአራት ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ። ዝም ይበሉ አባባ።»

አልሰሙኝም። «ልጄ» አሉት ካድሬውን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይኸ እኮ ከሲሶ ወደ እርቦ ነው። ወላሂ፣ ወረደ እንጂ አልወጣም! ያ የድሮው ጌታዬ ሲሶውን ትቼ እርቦ ይበቃኛል ቢለኝ ኖሮ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ሰንጋ ባረድሁለት ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን በሳል ሸፈነው። የካድሬው ጆሮ ቀላ። በልጅነቱም ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት የሚቀላው ጆሮው ነበር። ከኪሱ የቅዳሜውን ዝርዝር አወጣ፤ እስኪርቢቶውንም አወጣ።

«የባላባት ናፋቂ! ይሄ ነው የሚፈታው?» አለ። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «አንተ፣ መምህሩ። ቀና በል። ለዚህ ደንቆሮ ሽማግሌ ንገረው። ከሦስትና ከአራት የቱ ነው የሚበልጠው?»

ጥያቄው ሲታይ የአንደኛ ክፍል ነው። አራት ብዬ ባቆም አልዋሸሁም፤ ማንም አይነካኝም። ሽማግሌው ግን ቅዳሜ አይወጡም፤ ገብሱም የበረዶ ይሆናል። ጀግና ነበርኩ አልልም። ግን የካድሬውን ትምህርት ከሱ ይልቅ እኔ አውቀው ነበር። በየሳምንቱ ሲያነበንብልን ገበሬ በራሱ አይሳሳትም፣ የሚያሳስተው ምሁር አለ ይላል። በሕይወቱ ሙሉ በቃሉ የያዘው ይህን ብቻ ነው።

«ከሦስት አራት ይበልጣል» አልኩት። «ከአንድ ሦስተኛ ግን አንድ አራተኛ ያንሳል። እሳቸው የተናገሩት ከኔ የሰሙትን ነው። ዳቦ ስንካፈል ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

«ወላሂ፣ ይኸ ሰው እኔን...» ብለው ሽማግሌው ጀመሩ። ለሰው ብለውም ሆነ ለራሳቸው በሐሰት የማይምሉ ሰው ነበሩ። እግራቸውን ረገጥኩት። አዩኝ፤ አፋቸውን ዘጉ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ከወለሉ ብርድና ከሽታው ይልቅ ያቃጠለኝ የዚያ የኋላ ወንበር ልጅ ደስታ ነበር።

«አንተንም ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። «እሳቸው ገባቸው።»

ወረቀቱን አገላብጦ በጀርባው የኔን ስም ጻፈ። የሳቸውን ሳይሰርዘው ቀረ። ለስብሰባው የሚሆን፣ ገበሬን የሚያሳስት ምሁር አግኝቷል፤ ከዚያ በላይ ምን ይፈልጋል?

ከግርፋቱ በኋላ እግሬ ጫማ እስኪገባለት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሽማግሌው ቅዳሜ ወጡ። ሲወጡ እጄን ይዘው ቆዩ፤ «አብሽር» ብቻ አሉኝ፤ በወሎ ለታመመም ለተከዘም አይዞህ የሚባልበት ቃል ነው። እኔን በጭነት መኪና ኮምቦልቻ አወረዱኝ፤ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አሥራ አራት ወር ቆየሁ። ብርዱ ቀረልኝ፤ በምትኩ ትንኝ ነበር።

እዚያ በገባሁ በሁለተኛው ወር የበሩ ጠባቂ ስሜን ጠራ። በጨርቅ የተቋጠረ የአዲስ ገብስ ዳቦ ሰጠኝ፤ ከትልቅ ክብ ዳቦ የተቆረጠ ቁራሽ ነው።

«አንድ ሽማግሌ ናቸው ያመጡት» አለኝ። «ከገራዶ ነው የመጣሁት ይላሉ። ሲሶው ነው በለው ብለዋል። ምን ማለት ነው?»

«የአራተኛ ክፍል ትምህርት ነው» አልኩት።

ቁራሹን መሬት ላይ አስቀምጬ ክቡን በዓይኔ ሞላሁት። የሙያ ነገር ነው፤ ሳልለካ መብላት አልቻልኩም። ሲሶ አልነበረም። ግማሽ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። በክር የማይሳሳቱ ሰው ናቸው። ዳቦው ላይ አለቀስኩ፤ ከዚያ አጠገቤ ካሉት ጋር ተካፈልነው።

ስፈታ ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመለስኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ደሴ ውስጥ አስተማርኩ። ካድሬውን ትጠላዋለህ ወይ የሚሉኝ አሉ። አልጠላውም፤ እንቀዋለሁ። ለጥላቻ ትንሽ አክብሮት ያስፈልጋል። ክፍልፋይ ሳይገባው ያሳለፍኩት ልጅ ግን ከዚያ ወዲህ የለም። አባቶች መጥተው አንድ ክፍልፋይ ምን ያደርጋል ሲሉኝ ወደ ቤታቸው እሸኛቸው ነበር። ልጁን አስቀርቼ ዳቦና ክር እሰጠው ነበር።

«ለአራታችን ቁረጥ» እለው ነበር። «ቆራሽ መጨረሻ ያነሳል።»

መጨረሻ እንደሚያነሳ ያወቀ ልጅ ሲሶን ከእርቦ ሲያምታታ አላየሁም። ያ ካድሬ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ መጨረሻ አንስቶ አያውቅም።