አልጌ ያልነው ስፖንጅ

ካዛንቺስ፣ ወደ ኡራኤል መውረጃው ላይ ያለችው የድንጋይ ጥናት ቢሯችን ጠባብ ናት። የድሮ መምህሬን ድንጋዮች እንደ አዲስ መመደብ የጀመርኩት እዚያ ነው። በወጣትነታቸው ከሐረርጌ ያመጧቸው የኖራ ድንጋዮች ናቸው፤ አገሩ ባሕር በነበረበት ዘመን ጥቃቅን ፍጥረታት ባሕሩ ወለል ላይ የገነቡት የሪፍ ስባሪዎች። ብርሃን እስኪያሳልፉ ድረስ ተሞርደው መስታወት ላይ ተለጥፈዋል። በየመስታወቱ ጠርዝ በተለጠፈች ወረቀት ላይ፣ በእሳቸው ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ «አልጌ» ይላል፤ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል መሰል ነገር ማለት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን በማይክሮስኮፑ ሳይ፣ ከተደረደሩት ጥቃቅን ቱቦዎች ግድግዳ ውስጥ መርፌ የመሰሉ ነገሮች ታዩኝ። አልጌ እንዲህ ያለ መርፌ የለውም። መርፌ ያለው ስፖንጅ ነው፤ እሱ ደግሞ የባሕር እንስሳ ነው። ሌላ መስታወት አነሳሁ። ያው ነው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ መስታወቱን መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። በማይክሮስኮፕ ማየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት ብዬ ነው «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» የምላቸው? በቃ፣ ሳልነግራቸው ክረምቱ አለፈ።

በመጨረሻ ደወልኩና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ቢያዩልኝ» አልኳቸው። ጎተራ ካለው ኮንዶሚኒየማቸው ከረባት አስረው መጡ። ወንበሩን ለቀቅኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አጎነበሱ። የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ቀስ እያሉ አዞሩ። 

«ይሄ መርፌ ነው አይደል?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«ይመስለኛል ምንድነው? ነው በይ እንጂ! እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ?» አሉና ሳቃቸው መጣ። «ዕድሜ ልኬን አልጌ እያልኩ ስጠራው፣ ይሄ ጉደኛ ዝም ይበለኝ?»

አሮጌውን ወረቀት ራሳቸው ልጠው፣ በአዲስ ላይ «ስፖንጅ» ብለው ጻፉ። «ቀጣዩን አምጪ» አሉኝ፤ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያም ቀጣዩን። ያመጣሁላቸው ሻይ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ባለቤታቸው ምነው ቆየህ ብለው ደወሉ።

«ስፖንጅ አግኝቼ ነው የዘገየሁት!» ብለው በደስታ ጮሁ።

የባለቤታቸው ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ፦ «ጎሽ! የዕቃ ማጠቢያው አልቆብኝ ነበር፤ ይዘህ ና።»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ወደ ኡራኤል ስንወርድ ከአንድ ሱቅ ቢጫ ስፖንጅ ገዝተው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል አንገታቸውን በመስኮት ብቅ አድርገው፣

«ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አሉኝ፤ «እኔ ሳልመጣ አንድም እንዳትነኪ!»