በለቅሶ ቤት የተሰማው እንጉርጉሮ

ጓደኛዬ ዕፀገነት ናይሮቢ በሚገኝ የእርዳታ ድርጅት ከእንግሊዝኛ ወደ ፖርቱጋልኛ ትተረጉማለች። እንጀራዋ ቃል ነው። ሞዛምቢካዊውን ቶማስን ለታናሽ እህቷ ለሐሊና ያስተዋወቀችውም እሷ ናት። ባለፈው ዓመት ሐሊና አራስ ልጇን ትታ በአጭር ሕመም ስታርፍ፣ ዕፀገነትን ከእህቷ ሐዘን በላይ የቶማስ ነገር ከበዳት።

እናታቸው እማማ ብዙነሽ ከአዲስ አበባ ለቀብሩ ደረሱ። በማግስቱ ኪሌሌሽዋ ያለው የዕፀገነት ቤት በለቀስተኛ ሞልቶ፣ እኔም ንፍሮ ሳዞር፣ ከመኝታ ክፍሉ ለስለስ ያለ የወንድ ዜማ ተሰማ። ቶማስ ሕፃኑን ዮአብን ታቅፎ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ወደዚያ ዞረ።

«ሚስቱን ትናንት ቀብሮ ዛሬ ይዘፍናል?» አሉ እማማ ብዙነሽ። «እንዲህ ላለ ሰው የልጄን ልጅ ትቼ አልሄድም። አዲስ አበባ እወስደዋለሁ።»

ዕፀገነት አጠገባቸው ተንበረከከች። «እማዬ፣ ዘፈን እኮ አይደለም። እንግሊዞች ‹ክሩን› ይሉታል፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ለቅርብ ሰው ማዜም ነው። በሱ ቋንቋ ‹ካንታሮላር› ነው፤ ያለ ቃል ሲሆን ደግሞ ‹ትራውቴያር› ይሉታል። እኛስ ማንጎራጎር እንል የለ?»

«በለቅሶ ቤት ዜማ ያው ዜማ ነው።»

በሆዴ ተናደድኩ። እኛ ሙሾ ስናወርድ ወግ፣ ሌላው ሲያንጎራጉር ነውር! ግን ልጃቸውን የቀበሩ እናትን ማን ደፍሮ ይናገራል?

ገብተው ሕፃኑን ከአባቱ እቅፍ ወሰዱት። ቶማስ ምን እንዳሉ እንድትነግረው ዕፀገነትን አያት። «ልጅህን ሊወስዱብህ ነው» ማለት በየትኛውም ቋንቋ አቃታት።

ዮአብ ግን ጩኸቱን አቀለጠው። አያቱ አወዛወዙት፤ እኛም ሴቶቹ ተቀባበልነው፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ እማማ ብዙነሽ መልሰው ወሰዱትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በለሆሳስ ማንጎራጎር ጀመሩ። ሐሊናን ያሳደጉበት ዜማ ነበር። ማናችንም ቀና ብለን አላየናቸውም።

ልጁ ተኛ። እሳቸውም ወደ ቶማስ ዘረጉት።

«ዕፀ፣ ንገሪው» አሉ። «ሲነቃ እሱው ያንጎራጉርለት።»

ዕፀገነት አፏን ከፈተች፤ ከቀብሩ ጀምሮ አልወጣ ያላት እንባ ቀደማት። ቶማስ ማንም ሳይተረጉምለት ልጁን ተቀበለ።