ድምፅ የሌለበት ካሴት

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ክላሲካል ማለት ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ሚዛን ብቻ አይደለም፤ አገሩ በሙሉ እንዲያ ነው የሚለው። ሙዚቃ ቤት ገብታችሁ «ክላሲካል አለ?» ብትሉ፣ ባለሱቁ የታወቁ ዘፈኖች በሳክስፎን ወይም በኪቦርድ የተጫወቱበትን ካሴት ያወጣላችኋል። ሠርግ ላይ ምሳ ሲነሳ የሚከፈተውን፣ ሬዲዮ ላይ ዜናው እስኪደርስ ሰዓት መሙያ የሚሆነውን ማለቴ ነው። እኔ ባዘዘው፣ የጂኦግራፊ አስተማሪው፣ ይህን ትርጉም እንደ ሕገ መንግሥት ለዓለምሰገድ የነገርኩት ሰው ነኝ። ስለዚህ የእሱን ነገር ሳወራ የራሴንም ጥፋት ነው የማወራው። ኋላ «ደበቀ» እንዳልባል አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው።

ዓለምሰገድ ማጂ ተወልዶ ሚዛን ላይ እንጀራውን ያገኘ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቁጥር ያልተሰጠው ነገር አጠገቡ አይቀመጥም። ጎረቤት ከተማ አማን ካለችው የኪራይ ቤቱ ብትሄዱ ጃንጥላው ላይ ሳይቀር ቁጥር ታገኛላችሁ። ለምን ሚስት እንዳላገባ ሲጠየቅ «ማመልከቻዋ አልደረሰኝም» ይላል። ድርቅ ያለ፣ ቀጭን፣ ነገሩን ሁሉ ሁለት ጊዜ የሚያይ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሙዚቃ ይለከፋል ብሎ የሚገምት አልነበረም፤ እሱም ቢሆን አልገመተም።

የተለከፈው በ1989 ነው። ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ አንድ ባለሥልጣን ዕቃውን ሲሸጥ ዓለምሰገድ ቴፕ ገዛ። ቴፑ ሆድ ውስጥ ስም የሌለው ካሴት ተረስቶ ነበር። ሲከፍተው ቫዮሊን። አንድ ቫዮሊን ብቻውን፣ ከራሱ ጋር እንደሚከራከር ሰው፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። በማግስቱ ካሴቱን ይዞ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የሱሀይላ ሙዚቃ ቤት ሄደ።

ሱሀይላ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ከስልጤ መጥቶ ሚዛን የከተመ ነጋዴ ነው፤ እሱ ወደ ቡናው ንግድ ሲያዘነብል ሙዚቃ ቤቱን ለእሷ ለቀቀላት። ከካሴት ወደ ካሴት የሚገለብጥ ባለ ሁለት አፍ ማሽን ነበራት። ያን ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ። ዓለምሰገድ «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እኔ «ክላሲካል ነው» አልኩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከአንድ መምህር ቢሮ በር ሥር ሦስት አራት ጊዜ ሰምቼ ነበር። እውቀቴ ከዚያ በር አላለፈም፤ አንገቴ ግን ቀና እንዳለ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የሦስታችን ሆነች። ዓለምሰገድ ከዚህም ከዚያም ካሴት ያጠራቅማል፤ ከሚሲዮን፣ ከሾፌር፣ ከፈረንጅ ዶክተር ዘበኛ። እኛ እንመክራለን። የሱሀይላ ምክር የእጅ ነው፦ ዘጠና ደቂቃውን አትግዛ፣ ክሩ ስስ ስለሆነ ይበጠሳል፤ የሚዛን እርጥበት ካሴት ያሻግታል፣ ሳጥንህ ውስጥ ከሰል አስቀምጥ። የኔ ምክር ደግሞ የአፍ ነው፦ ይኼ ጥልቅ ነው፣ ይኼ ተራ ነው። ስማቸውን ስለማናውቅ እኛው ስም አወጣንላቸው። «የጤዛው» አለ፤ «አዛውንቱ» አለ፤ ከሥር እያጉረመረመ ቀስ ብሎ የሚወጣውን ሱሀይላ «አይሱዙው» አለችው፤ በውነትም ዳገት ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ ነው። ዓለምሰገድ ሁሉንም በደብተሩ ይመዘግባል፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ከማን እንደተገኘ፣ አስተያየት።

ጋሽ ይርዳው የመጡት በሁለተኛው ዓመት ነው። ቴፒ ቡና እርሻ ውስጥ የችግኝ ባለሙያ ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ሀንጋሪ ተምረው የመጡ ትልቅ ሰው። ፋይላቸውን ፍለጋ መዝገብ ቤት ሲገቡ ዓለምሰገድ መደርደሪያው ላይ ወጥቶ «የጤዛውን» ያንጎራጉራል። ቆመው ሰሙት። ፋይሉን ትተው ሙዚቃ ማውራት ጀመሩ። በወሩ ከቴፒ በመጣ ሾፌር አንድ ካሴት ላኩለት። ጥርሱ ተሰብሯል፤ ማለት በላዩ ላይ እንዳይቀዳበት ከኋላው ያሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ተነቅለዋል። አብሮ የመጣው ወረቀት «የኔ ማጫወቻ ከተበላሸ ቆይቷል፤ አንተ ዘንድ ይቀመጥ። እስከ መጨረሻው ስማው» ይላል።

እሑድ ቀን አማን፣ እሱ ቤት ሆነን ሦስታችንም ሰማነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም። የመጀመሪያው ጎን ሲያልቅ ሱሀይላ ገልብጪው ሳትባል ተነስታ ገለበጠችው። ሁለተኛው ጎን እየገፋ፣ እየገፋ፣ ሁሉም መሣሪያ በአንድነት አንድ ጥያቄ የሚጠይቅ የሚመስል ቦታ ላይ ደረሰና ቀጥ አለ። ከዚያ ወንዶች በማናውቀው ቋንቋ መዝፈን ጀመሩ።

ዓለምሰገድ ቴፑን አጠፋ። ፊቱ በአንድ ሰው ፋይል ውስጥ የሌላ ሰው ደብዳቤ ያገኘ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፊት ሆነ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዘፈን ተቀድቶበት ነው» አልኩ እኔ። «ድምፅ ካለበት ክላሲካል አይደለም። አንዱ ሳያውቅ ከሬዲዮ ቀድቶበታል።»

«ቲቸር፣ ሳይጠየቁ ባይነካ ይሻላል» አለች ሱሀይላ። «ሱቅ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰው ካሴቱን ሊያስጠግን ሲያመጣ፣ እኛ ቆሻሻ ነው ብለን ያጠፋነው ነው ሁልጊዜ የሚፈለገው።»

ሱሀይላ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች፤ በካርታ ንባብ ከመቶ አርባ ነው ያገኘችው። ያን ውጤት አስታውሼ ሳቅሁባት። ዓለምሰገድ በሚቀጥለው ቀን የካሴቱን ቀዳዳ በወረቀት ወትፎ፣ ዘፈኑ ካለበት ጀምሮ እስከ ክሩ ጫፍ ባዶ ቀዳበት። ያደረገው በቅንነት ነው። የሰው ካሴት አጽድቶ ሊመልስ ነው ያሰበው። ሱሀይላም ለሦስታችን ከዚያው ከጸዳው ገለበጠችልን።

እና ስምንት ዓመት ሙሉ ያ ሙዚቃ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። «እንጥልጥሉ» ብለን ሰየምነው። ለምን እንዲያ ያልቃል? እኔ የዘመናዊነት ምልክት ነው አልኩ። ሱሀይላ ባትሪ አልቆባቸው ነው አለች። ዓለምሰገድ ደራሲው ሳይጨርሰው ሞቶ መሆን አለበት እያለ በጣም ያዝንለት ነበር። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኛ ግን የማናውቀው መጨረሻ ናፈቀን። ጋሽ ይርዳው ለሥራ ሚዛን ብቅ ሲሉ «መጨረሻውስ እንዴት ነው?» ይሉታል። ዓለምሰገድ «ያስገርማል» ይላል። «አዎ፣ ያስገርማል» ይሉና ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ይኼ ሦስት ጊዜ ሆኗል።

በሰኔ 1998 ደብዳቤ መጣ። ጋሽ ይርዳው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ቀድመው አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሄደዋል፤ እሳቸውም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጠቅልለው ሊሄዱ ነው። «ድምፄ ያለበትን ካሴት ሳልሄድ አምጣልኝ» ይላል ደብዳቤው። «መጨረሻው ላይ ከሚዘምሩት አንዱ እኔ እንደሆንኩ ለይተኸው ይሆን? የኮሌጃችን የሙዚቃ መምህር የደረሰው ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው የተጫወትነው። ሌላ ቅጂ መኖሩን አላውቅም። ልጄ ሰምቶት አያውቅም።»

ዓለምሰገድ ደብዳቤውን የሱሀይላ ባንኮኒ ላይ ዘርግቶ ለኛ አነበበልን። አፈርኩ፣ ሌላ ቃል የለውም። ሱሀይላ የማሽኑን ራስ በአልኮል ጠርጋ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ባዶውን ቦታ አሰማችን። ሽሽሽ ይላል። እሷም «ነግሬያችሁ ነበር» አላለችም፤ ብትል ይቀለኝ ነበር።

«ቴፑ በላው በላቸው» አልኩት። ቴፕ ካሴት ይበላል፤ ማንም የሚያምነው ነገር ነው።

ዓለምሰገድ ደብተሩን አወጣና ገጹን አሳየኝ። በራሱ ጥንቁቅ ጽሕፈት «ጎን ሁለት፣ መጨረሻ ላይ የማይመለከተው ድምፅ ነበር፤ ጸድቷል» ይላል። «እዚህ የተጻፈውን ምን አደርገዋለሁ?» አለኝ። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። እኔ እነግራቸዋለሁ። አንተ ግን አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

ቴፒ የገባነው በዝናብ ነው። መንገዱ ጭቃ ስለነበር አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ወርደን ገፍተናል። ዓለምሰገድ ቴፑንና ካሴቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ታቅፎታል። የጋሽ ይርዳው ቤት ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ሁለት የታሰረ ፍራሽ፣ አንድ ሳጥን፣ ሦስት ዱካ። ደስ ብሏቸው ተቀበሉን። ዓለምሰገድ ሳይቀመጥ፣ ዝናቡን ከፊቱ ሳይጠርግ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። የኔን ስም አላነሳም። ምክሩ የኔ እንደነበር እኔው ተናገርኩ።

ጋሽ ይርዳው ተቆጥተዋል። «ሃያ አራት ዓመት ስጠብቀው ኖሬ» አሉ፣ አልጨረሱትም። ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ዓለምሰገድ እንደቆመ ነው። ከሥራ የሚባረር ሰው እንኳ እንዲያ ሆኖ ሲቆም አላየሁም።

ከዚያ ዞር አሉ። ፊታቸው ላይ ንዴቱ አለ፤ ግን ሌላ ነገርም ገብቷል።

«እና አንተ ስምንት ዓመት ያለ መጨረሻው ሰማኸው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንዴት ያልቃል ብለህ አሰብክ?»

ዓለምሰገድ ቀላ። «አላሰብኩም» ሊል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንጎራጎር ጀመረ። ለካስ ሰውዬው ለኛ ሳይነግረን በሆዱ መጨረሻ ሠርቶለት ኖሯል! ያንን የተንጠለጠለ ጥያቄ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ታች አወረደው፤ በደንብ የታሰረ ፋይል መደርደሪያው ውስጥ እንደሚገባ አድርጎ አሳረፈው። ድምፁ አያምርም። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ወዳጄን በዚያች ደቂቃ ከምንጊዜውም በላይ ወደድኩት።

ጋሽ ይርዳው እስኪጨርስ ሰሙትና ሳቁ። «ኧረ በፍጹም አይደለም» አሉ። «እንዲህ ተኝቶ አያልቅም። ዘፈኑ ስለ ወይን ለቀማ ነው። ሴቶቹ ኮረብታው ላይ ይለቅማሉ፣ እኛ ወንዶቹ ከሥር ሆነን ቅርጫት እንቀበላለን። እኛ እንላለን፣ እነሱ ይመልሳሉ። ካሴቱን ክፈተው እስቲ። ያጠፋህበት ቦታ ሲደርስ ቅዳ።»

«ምን ልቅዳ?»

«እኔን ነዋ። ሌላ ማን አለ?»

ዓለምሰገድ ካሴቱን ከመጨረሻው አካባቢ ከፈተው። መሣሪያዎቹ ገፉ፣ ገፉ፣ ጥያቄያቸውን ጠይቀው ቀጥ አሉ። መቅጃውን ተጫነ። ጋሽ ይርዳው ከወገባቸው ቀና ብለው በወፍራም ድምፅ ገቡ። ዜማ ብዬ ልጠራው አልችልም፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም፣ አንዳንዴ አንድ ደረጃ የሚወርድ፣ መሠረት የሚሆን ነገር ነው። አራት ቃል ያህል ይሉና ያቆማሉ። ጣታቸውን አንስተው በአየር ላይ ይቆጥራሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ከዚያ እንደገና ይገባሉ። ምን ላይ እንደሚገቡ አይገባንም፤ እሳቸው ግን አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። በየመሃሉ ፊታቸው ይበራል፤ የሚሰሙት ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

አንድ ቦታ ላይ ረጅም ሆነው ዘመሩና ዝም አሉ። ጣታቸው አልተነሳም። ዓይናቸው ተከድኗል። ያለቀ መሰለኝና፣ መቼም ልማዴ አይለቀኝ፣ «እግዜር ይስጥልን ጋሽ ይርዳው፣ ግሩም ነው» አልኩ። ዓለምሰገድም ጣቱን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

ጋሽ ይርዳው ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆዩ» አሉ። «ሴቶቹ አልጨረሱም።»

ዓለምሰገድ ጣቱን አነሳ፤ ሴቶቹ እስኪጨርሱ ሦስታችንም ቁጭ ብለን ጠበቅን።