የፊታውራሪ ሆድ ዕቃ

ዛሬ ጠዋት የፊታውራሪን ቂጥ አቃጠልኩት። ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰነባብቷል፤ ከቁም ሣጥኑ ሳወጣው ሻግቶ አገኘሁትና፣ ፀሐይ እስክትወጣ የምጠብቅበት ትዕግሥት አጥቼ፣ ከከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጬው እኔው ራሴ ወንበሬ ላይ አንቀላፋሁ። ያነቃኝ ጠረኑ ነው። የሚቃጠል ጆንያና የቡና ገለባ ጠረን አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ሰባ ዓመት መሙላቴን ለአንድ አፍታ ረስቼ «እትዬ! እትዬ!» እያልኩ እንደ ልጅነቴ እህቴን ጠራሁ፤ ሮጣ የመጣችው ግን የልጄ ሚስት ነበረች። በእጇ የያዘችውን ጆግ ውኃ ግማሹን በፊታውራሪ ላይ፣ ግማሹን በእኔ ላይ ደፋችው።

«አባባ፣ ለዚህ አሮጌ ጆንያ ብለው ቤቱን ሊያነዱት ነው እንዴ?»

«ጆንያ አይደለም፣ ፊታውራሪ ነው» አልኳት፣ ከጢሜ ውኃ እየተንጠባጠበ። ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ለእሁድ የመጣው የልጅ ልጄ መጀመሪያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳን፣ ደህና መሆኔን የጠየቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ፊታውራሪ ማለት ከቡና ጆንያ የተሰፋ፣ አንድ ክንድ የሚያህል፣ አንድ ዓይን ብቻ ያለው አሻንጉሊት እንስሳ ነው። ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ስምምነት ላይ አልተደረሰም።

አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ ጅማ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ የምንኖረው ዛሬ በቾ ቦሬ በሚባለው ሰፈር፣ ከቡና ነጋዴው ከአባ ፊጣ ግቢ ጋር በአጥር ተያይዘን ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጣ የአባ ፊጣ ግቢ በሙሉ የቡና ስጥ ይሆናል፤ እኛ ልጆቹ ፍየልና ዶሮ እያባረርን እንውላለን፣ ለድካማችንም ከስጡ ዳር የተንጠባጠበውን እንድንለቅም ይፈቀድልን ነበር።

በአንዱ ታኅሣሥ ኩፍኝ ያዘኝ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቼ ከጠዋት እስከ ማታ አለቅስ ነበር፤ የታመምኩት ትንሽ፣ ያለቀስኩት ግን ብዙ እንደነበር እናቴ እስክትሞት ስትናገር ኖራለች። በመጨረሻ የአሥራ አምስት ዓመቷ እህቴ አስካለ፣ ወይ እኔን ማነቅ ወይ አሻንጉሊት መሥራት እንዳለባት ገብቷት፣ በቸርነቷ ሁለተኛውን መረጠች። ከአባ ፊጣ የተቀደደ ጆንያ ለምና ፈረስ ልትሠራ ተነሳች፤ ሆዱን አስፍታ ጀምራ ኖሮ እግሮቹ ላይ ስትደርስ ጆንያው አለቀባት። ጥጥ የእናቴ ፈትል ስለነበረ አይነካም፤ ገለባ ደግሞ በጆንያው ቀዳዳ እየወጣ ይዋጋል፤ ስለዚህ ከስጥ ዳር የለቀምነውን ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ እስከ አንገቱ ድረስ ሞላችው። ከባድ ነበር። ስነቀንቀው ሸክ ሸክ ይል ነበር፤ ሳቅፈው የጆንያ፣ የፀሐይና የደረቀ ፍሬ ጠረን ይሰጠኝ ነበር።

ለዓይኖቹ ከራሷ ቀሚስ ላይ ሁለት ቀይ ቁልፎች ቆርጣ ሰፋችለት። «ውሰት ናቸው» አለችኝ ጉንጬን ቆንጥጣ፣ «ስታድግ ትመልስልኛለህ። ካልመለስክ የአንተን ዓይን ነው የማወጣው!» እናቴ የአስካለ ቀሚስ ደረቱ በመርፌ ቁልፍ መያያዙን ባየች ጊዜ በጥፊ አጮለቻት።

አባቴ አሻንጉሊቱን ሲያይ «ይሄ አህያ ከየት መጣ?» አለ። እናቴ «በስመ አብ! ዐሳማ ነው እንጂ!» ብላ አማተበች። አባ ፊጣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ያ ረቢ! ጃልዴሳ ነው፤ ቡናዬን የሚጨርሰው ዝንጀሮ ራሱ!» ብለው ፈረዱ። እኔ ግን ፊታውራሪ አልኩት። አባቴ ይህችን ማዕረግ ለማግኘት ዓመታት ደጅ ሲጠና የኖረ ሰው ነበርና፣ እናቴ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «እኛ ቤት እኮ ሹመቱ ቀድሞ የደረሰው ለጆንያው ነው» ማለት ጀመረች፤ አባቴም መልሱን ለእሷ መስጠት ስላልቻለ ፊታውራሪን ባገኘው ቁጥር በእግሩ ይጠልዘው ነበር።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። መጸዳጃ ቤቱ ጓሮ ጥግ ላይ ነበር፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ደግሞ ጅብ ነበር፤ ቢያንስ አስካለ እንደዚያ ብላኛለች። ስለዚህ አልጋዬ ላይ እሸና ነበር፤ አቅፌው ስለምተኛ ፊታውራሪም ድርሻውን ያገኛል። ጠዋት ጠዋት «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» ስላት እናቴ እሱን አጥሩ ላይ ሰቅላ እኔን በኩርኩም ትለኝ ነበር። የሰፈር ልጆች በዚያ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው እጅ እየነሱ «ፊታውራሪ፣ እንደምን አደሩ? ዛሬም ጎርፍ ወሰድዎት?» ይሉታል። አስካለ ከሁሉም ትብስ ነበር፤ አፍንጫዋን በጣቷ ይዛ «ፊታውራሪ፣ ሽቶዎ ምንድን ነው?» እያለች ታስቅብኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ገና ሳይለቅቀን የአስካለ ጉዳይ መጣ። ደዶ ውስጥ ሰፊ መሬት ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ አባቴን በዕድሜ የሚበልጥ ሰውዬ ሽማግሌ እንደሚልክ አስታወቀ። አስካለ በክፍሏ ካሉት ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበረች፤ ነርስ እሆናለሁ እያለች በእኔ ክንድ ላይ በስፒል መርፌ መውጋት ትለማመድ ነበር። አባቴ ግን ስለ ሰውዬው በሬዎች ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። «የተማረችው ይበቃታል፤ እሺ ነው የምላቸው» አለ። አስካለ ደብተሯን እንዳቀፈች ጓዳ ገባች፣ ቀኑን ሙሉም አልወጣችም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው በበቅሎ መጡ። እናቴ ቡና ልታፈላ ጓዳ ገብታ የቡናውን ዕቃ ብታራግፍ አንዲት ፍሬ አልወጣችም። አዲሱ ቡና ገና ዛፍ ላይ ነው፤ አባ ፊጣ ገጠር ወርደው መጋዘናቸው ተቆልፏል። «ጅማ ተቀምጬ ቡና የለኝም ልበላቸው?» አለች ጸጉሯን ይዛ፤ «ምን ዓይነት ውርደት ነው!»

አስካለ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ በሩ ሥር ፊታውራሪን አቅፌ ቆሜ ነበር።

«እማዬ፣ ሂጂ አጫውቻቸው፤ ቡናውን እኔ አገኛለሁ» አለቻት። እናቴ ከየት ብላ እንኳ ሳትጠይቅ ወደ እንግዶቹ ሮጠች።

«አምጣው» አለችኝ።

«እምቢ!»

«ማሙሽ፣ አምጣው አልኩህ!»

እግሩን እኔ፣ ራሱን እሷ ይዘን ተጓተትን። በምላጭ ከአንገቱ እስከ ሆዱ ስትተረትረው ቡናው ሰፌዱ ላይ እየተንሿሿ ወረደ፤ ያ ሸክ ሸክ የሚለው ድምፁ በአንድ ጊዜ ፈስሶ አለቀ። ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ ቅርፊቱን ለማላቀቅ ስትወቅጥ ቀሚሷን ይዤ «እትዬ፣ ሸንቼበታለሁ እኮ! ክረምቱን ሙሉ ሸንቼበታለሁ!» እያልኩ አለቀስኩ።

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ ዘነዘናውን ሳታቆም። «እነሱም አንዴ ይቅመሱትና ይህን ቤት ዳግመኛ አይረግጡትም።»

ቡናው ቀረበ። ትልቁ ሽማግሌ ፉት አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ደግመው ፉት አሉ። አስካለ በጓዳው በር ቀዳዳ ትንፋሿን ይዛ ታያለች።

«እሰይ!» አሉ ሽማግሌው። «የከተማ ሰው ስኳር እየሞጀረ ነው ቡናን የሚያበላሸው። ይቺ ልጅ እንደኛ አገር በጨው አፈላችው፤ ጨዉንስ እንዴት አድርጋ መጥናዋለች! ባለሙያ ናት!»

ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስኒያቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ሰጡ። የአስካለ ፊት አመድ መሰለ። አባቴ ደስ ብሎት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጃችን ልጃችሁ ናት ሊል አፉን ሲከፍት፣ አስካለ እኔን ወደ ሳሎን ገፍታ ጭኔን በጥፍሯ ይዛ አዞረችው። ጮህኩ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ለአባቶች ንገራቸው እንጂ፣ ማሙሽ» አለች አስካለ ማር በመሰለ ድምፅ፤ «ለምን እንደምታለቅስ ንገራቸው።»

ባዶውን ጆንያ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። «የጠጣችሁት ፊታውራሪን ነው!» አልኩ እየተንሰቀሰቅሁ። «የሸናሁበትን!»

ስኒዎቹ አንድ በአንድ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደጅ ወጥተው እንትፍ እንትፍ ሲሉ፣ ትልቁ ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሱና አባቴን «ልጁን ሐኪም ዘንድ ውሰደው፤ ጨው ይበዛበታል» ብለውት ወጡ። አባቴ በቀበቶው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሷን፣ ሲደክመው ደግሞ ባዶውን ጆንያ ገረፈ። እኔ በጩኸቴ ሰፈሩን ሰበሰብኩ። አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ ታለቅሳለች ብዬ አጠገቧ ብደርስ ትስቃለች።

ወሬው ከበቅሎዎቹ ቀድሞ ደዶ ገባ። ለብዙ ዓመት ደጃችንን የረገጠ ሽማግሌ አልነበረም፤ አስካለም ተምራ ጨረሰች፣ ነርስ ሆነች፣ በእኔ ክንድ የተለማመደችውን በስንቱ ክንድ ላይ ሠራችበት። ለእኔ የተረፈኝ ስም ነው። ጎልማሳ ሆኜ፣ ከረባት አሥሬ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ እንኳ፣ ከደዶ የመጣ ባለጉዳይ ማመልከቻውን ከመስጠቱ በፊት «ባለ ጨዉ አንተ ነህ?» ይለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ አዲሱ ቡና ሲደርስ አስካለ የፊታውራሪን ሆድ በቡና ገለባ ሞልታ ሰፋችው። «ቡና አልሞላለትም፤ ደግሞ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም» አለች። ቀለለ፤ ድምፁም ጠፋ። በጋውን ሙሉ አኩርፌያት ነበር፤ እሱን ግን መልሼ አቀፍኩት፣ አልለቀቅኩትምም። ከዓመታት በኋላ ራሷ የመረጠችውን አስተማሪ ስታገባ፣ ከፊታውራሪ አንዱን ዓይን ፈትቼ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። ከነቬሎዋ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «አንዱ ይቀራል» አለችኝ።

ደርግ ወድቆ ቤት ለቤት መሣሪያ በሚፈተሽበት ሰሞን፣ ፀጉሯን ያጎፈረች ወጣት ወታደር ከፍራሼ ሥር ጎትታ አወጣችውና ሆዱን በሳንጃ ጫፍ ወጋ አደረገችው። ገለባው ሲፈስ ሽበቴን አይታ «የማን ነው?» አለችኝ። የልጆቼ ነው ማለት እችል ነበር። «የእኔ ነው» አልኳት። ጓደኞቿን ጠርታ አሳየቻቸው፤ ከዚያ በኋላ በቤቴ ሲያልፉ የእኔን ትተው የፊታውራሪን ጤና ይጠይቁኝ ነበር።

ዛሬም የልጄ ሚስት ስልክ ደውላላት ኖሮ፣ አስካለ ምርኩዟን ይዛ በባጃጅ ከተፍ አለች። መነጽሯን አድርጋ የተቃጠለውን ቂጥ እንደ ነርስ አገላብጣ አየችና «በሽተኛው ይተርፋል፤ ሞኙ አስታማሚ ነው የማይድነው» አለች። ከዚያ መርፌና ክር አስመጥታ ስፌት ጀመረች።

የልጅ ልጄ ታናሽ እህት ከሱቅ የተገዛ ድብ አላት፤ ለስላሳ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ አሉ፣ ድብ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። አይሸትም። ሆዱን ቢተረትሩት ነጭ ስፖንጅ ነው እንጂ ለሽማግሌ የሚቀርብ ነገር አይወጣውም። ልጅቱም ማንም በቀበቶ ሳይገርፋት፣ አንዱን ጥላ ሌላ እያስገዛች ታድጋለች፤ እሰየው ነው። እኔ ግን አስካለ ስትሰፋ እያየኋት የማስበው ያንን ሸክ ሸክ የሚል ድምፅ ነበር።

ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና እጇን ዘረጋች። «ቁልፌስ?»

«ሳድግ» አልኳት።

«እንግዲያው ቶሎ ሙትልኝና ከሬሳህ ጎን ልፍታው» አለችና ምርኩዟን አንስታ ወጣች።

ብመልስላት ፊታውራሪ ይታወራል፤ እሷም በዚህ ጭቃ የምትመጣበት ሰበብ ታጣለች። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ የእህቴ አንድ ቀይ ቁልፍ አለብኝ።