ከአውሮፕላኑ የወረደው እንግዳ

ይህ የሆነው ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በነበረው ዓመት፣ ካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የከፋ ነገር አይቻለሁ። የተኩስ ድምፅ እየሰማሁ ሦስት ቀን አልጋ ሥር ተኝቻለሁ። እግሬ እስኪያብጥ ተጉዤ ድንበር ተሻግሬያለሁ። ያ ሁሉ ቀስ በቀስ እየተረሳኝ ነው። ይህ ግን አልተረሳኝም። ሌላው በእኔ ላይ የደረሰ ነው፤ ይሄኛውን በሰው ላይ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ካርቱም ስኖር አል-ሳሃፋ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በአራተኛው ዓመት መዳሜ፣ ማለትም አሠሪዬ፣ የሁለት ወር ዕረፍት ሰጠችኝ። የአዲስ አበባ የአውሮፕላን ትኬትም ቆረጠችልኝ። ወደ ሱዳን የመጣሁት በመተማ በኩል በመኪና ስለነበር አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ደግሞ ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ፊት ለመናገር ስሞክር ጉሮሮዬ ይዘጋል። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ሌላ ምክንያት ቢኖረውም፣ አስተማሪ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁ ዝም እል እንደነበር አስታውሳለሁ።

አብራኝ የምትሄደው ዘሃራ ነበረች። ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ዴም በሚባለው ሰፈር ከእሷና ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን የዕረፍት ቀናችንን እዚያ እናሳልፍ ነበር። እኔ የማልናገረውን ሁሉ እሷ ትናገርልኛለች። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ዕቃ ስንገዛ የምትከራከርልኝ እሷ፣ ከሪክሻ፣ ማለትም ከባጃጅ፣ ነጂ ጋር የምትጣላልኝም እሷ ነች።

በዚያ ቀን አውሮፕላኑ ሞልቷል። ግማሹ እንደኛው ለዕረፍት የሚሄዱ ሴቶች ናቸው። ዘሃራ መተላለፊያው ጥግ፣ እኔ መሃል ተቀመጥን። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ዘሃራ ገና ሳትደላደል ከኋላ የተቀመጡ ያገሯን ልጆች አየችና ልታወራቸው ሄደች።

ሰዉ ሁሉ ገብቶ ካበቃ በኋላ አንድ ሰው መጣ። አርባ ዓመት ይሆነዋል። እስከ አንገቱ የተቆለፈ ጥቁር ጃኬት ለብሷል። ወደ ወንበሮቹ አልመጣም፤ በቀጥታ ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ሄደ። በሩ ክፍት ስለነበር አየዋለሁ። ወደ ውስጥ ሳይገባ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ፈቃድ እንደሚለምን ሰው ጎንበስ ብሎ ተናገረ። ከዚያ ገባ። ቆየት ብሎ ሲወጣ አንድ ካርቶን ቴምር ለሆስተሷ ሰጣት። እሷም እየሳቀች ከእኔ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር አሳየችው።

«ይቅርታ እህቴ፣ ላስቸግርሽ ነው» አለኝ በአማርኛ። ኢትዮጵያዊ ነው።

ተነስቼ አሳለፍኩት። ስቀመጥ ቀበቶዬን አየ። የሚታሰርበትን ስላላወቅሁ እንደ መቀነት ቋጥሬው ነበር። አልሳቀብኝም። ማንም ሳያይ ቋጠሮውን ፈታና ብረቱን ከብረቱ አገናኝቶ «ጧ» አደረገው። «እኔም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነው ያደረግኩት» አለኝ። ውሸቱን መሆኑን አሁን አውቃለሁ።

የሚሄድበትን ጉዳይ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ደስታው ሞልቶ ስለፈሰሰበት ይመስለኛል። ነገ ልጁ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ማለዳ ክርስትና ትነሳለች። ከተወለደች ጀምሮ በስልክ እንጂ በአካል አላያትም። የመጀመሪያው ልጁ ክርስትና ሲነሳ ሥራ ላይ ነበር። «ሚስቴ እስካሁን ታነሳብኛለች። ለዚችኛዋ ግን በእግሬም ቢሆን እደርሳለሁ ብያታለሁ» አለ። ከዚያ ወደ ፊት በአገጩ እያመለከተ፣ «እነዚህ ሰዎች ደጎች ናቸው። የእነሱ እንግዳ ሆኜ ነው የምሄደው» አለኝ።

የማን እንግዳ፣ እንዴት ያለ እንግዳ እንደሆነ አልገባኝም። አንገቴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ከላይ ቀዝቃዛ አየር ይለቀቅ ነበር። እኔ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ስስ ቶብ ነው የለበስኩት። ስንቀጠቀጥ አይቶ ጃኬቱን አወለቀና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። «ሌሊቱን ዕቃ ስናመላልስ ስላደርን ትንሽ ልተኛ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

ያን ጊዜ ነው ሸሚዙን ያየሁት። ነጭ ነው። ትከሻው ላይ የወርቅ መስመሮች አሉት። በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፤ የአብራሪ ልብስ ነው።

ከፊት ከአብራሪዎቹ ክፍል ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አሁን አጠገቤ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። አውሮፕላኑ ደግሞ ማጉረምረም ጀምሯል። ታዲያ ማን ሊነዳን ነው? ይህን ጊዜ ዘሃራ ተመልሳ መጣችና ተቀመጠች። ጆሮዋ ሥር ገብቼ «እትዬ ዘሃራ፣ ሹፌሩ ተኝቷል» አልኳት።

«የቱ ሹፌር?»

በዓይኔ አሳየኋት፤ ከአብራሪዎቹ ክፍል ሲወጣ ማየቴንም ነገርኳት። ልብሱን አየች።

«ያ አላህ! አንተ! ተነስ እንጂ!» ብላ በእኔ ላይ ተሻግራ ጉልበቱን መታችው። «እኛን እዚህ ቆልፈህ አንተ ትተኛለህ?»

መጀመሪያ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። አንዷ «ቀስ ብለሽ ቀስቅሺው፣ ሲቅም አድሮ ይሆናል» አለች። ሌላዋ «ጠያራው ራሱ ነው የሚሄደው እንዴ?» አለች። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ከኋላ አንዲት ልጅ «አውርዱኝ፣ እናቴ ሌላ ልጅ የላትም» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሦስት አራት ሴቶች ቦርሳቸውን አውርደው ቆሙ።

ሰውየው ነቃ። ሁኔታው ሲገባው ፈገግ አለ። «እህቶቼ፣ ይህን አውሮፕላን የማበርረው እኔ አይደለሁም። የሌላ ድርጅት፣ የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነኝ። ዛሬ እንደናንተው ተሳፋሪ ነኝ።»

«ታዲያ ከሹፌሩ ክፍል ስትወጣ ምን ትሠራ ነበር? አይታሃለች ይቺ ልጅ!» አለች ዘሃራ፣ እኔን እየጠቆመች።

«ሰላም ልላቸው፣ ፈቃድ ልጠይቅ ነው የገባሁት።»

«ሾላ በድፍን! ሹፌር ሹፌርን ሰላም ለማለት ጠያራ ይሳፈራል?»

ካፒቴኑ ራሱ መጣ። ጸጉሩ የሸበተ ዐረብ ነው። ረዳቱን ከኋላው አስከትሎ «ያ ጀማዓ፣ አብራሪዎቹ እኔና ይህ ነን። ሁለታችንም አልተኛንም። እሱ የሥራ ባልደረባችን ነው፣ እንግዳችን ነው» አለ በዐረብኛ። በዐረብ ቤት የሠራን ስለሆንን ሁላችንም ሰምተነዋል። ዘሃራ ግን «ጓደኛውን ሊሸፍንለት ነው፣ ሦስት ሆነው ነው የሚነዱት፣ አንዱ ከደከመ እኛ አለቅን» አለች። የቆሙት ሴቶች ወደ በሩ መግፋት ጀመሩ። ሆስተሷ እያለፈች ለካፒቴኑ ስትነግረው ሰማሁ፤ ሴቶቹ ከወረዱ ሻንጣቸው ከአውሮፕላኑ ሆድ ተፈልጎ መውጣት አለበት፣ ያኔ የመነሻ ተራችን ያልፋል፣ አውሮፕላኑም ዛሬ ላይነሳ ይችላል።

ለእኔ ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ ካፒቴኑ «እንግዳችን ነው» ባለ ጊዜ ነው። ሰውየው የነገረኝ ይህንን ነው። እውነቱን ነው። የሚሄደው ለልጁ ክርስትና ነው። ይህን ደግሞ እዚያ አውሮፕላን ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

እሱ አልተናገረውም። «ልጄን ላይ ነው፣ እዘኑልኝ» አላለም። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።

«ነገ የልጁ ክርስትና ነው፣ ነግሮኛል» ብል ይበቃ ነበር። የወሎ ልጆች እስላም ቢሆኑም የጎረቤት ክርስትና ጠላት አይደሉም፤ አብረው አብልተው አብረው በልተው ያደጉ ናቸው። ዘሃራ ይህን ብትሰማ እልል ብላ የቆሙትን ሴቶች ራሷ ታስቀምጣቸው ነበር። ይህን እንደ ስሜ አውቃለሁ። ነገር ግን አፌን ብከፍት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። «ታዲያ እያወቅሽ ለምን አስነሳሽብን?» ይሉኛል። ሆስተሷ ትቆጣኛለች። አንገቴን ደፍቼ የቀበቶዬን ብረት አየሁ።

ካፒቴኑ ተቆጥቶ ሴቶቹን ሊያወርዳቸው ፈለገ። ሰውየው ክንዱን ያዘው። «አይሆንም ካፒቴን። በሰው ቤት እንግዳ ሆኜ ቤት አልበጠብጥም። እኔ ልውረድ» አለው።

«ወላሂ አትወርድም! ከፊት እኔ ጋር ትቀመጣለህ።»

«ከፊት ያለው ትርፍ ወንበር ሰው እንዳለበት እኮ አንተው ነግረኸኛል። ማሊሽ፣ ግድ የለም፣ ነገ እሄዳለሁ።»

ነገ ማለት ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር።

ትንሿን ቦርሳውን አወረደ። ጃኬቱን ከትከሻዬ አንስቼ ሰጠሁት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ በሰላም ግቢ» አለኝ። እኔን አመሰገነኝ። ከዚያ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ በመተላለፊያው ሄደ። በሩ ጋ ደርሶ ለሆስተሶቹ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ወረደ። በሩ ወዲያው አልተዘጋም። እስኪዘጋ ድረስ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ከተነሳን በኋላ ሆስተሷ ቴምር ይዛ መጣች። የእኛው አገር ልጅ ናት። «ብሉ» አለች፣ ፊቷ እንደተቋጠረ። «ይህን ያመጣልን ያወረዳችሁት ሰው ነው።»

ዘሃራ እንደማፈር ብላ «እኛ ምን እናውቃለን? ልብሱን አይተን እኮ ነው» አለች።

ሆስተሷ ቆማ ነገረችን። አብራሪዎች የሌላ ድርጅት አውሮፕላን ሲሳፈሩ እንዲህ ነው የሚያደርጉት አለች። መጀመሪያ ካፒቴኑን ደጁ ላይ ቆመው ፈቃድ ይጠይቃሉ። ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ከሁሉ በኋላ ገብተው የተረፈው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ችግር ከተፈጠረ ከሁሉ በፊት ይነሳሉ። ሰው እንዳይደነግጥ ልብሳቸውን ይሸፍናሉ። «እሱም ሸፍኖ ነበር፣ ለምን እንዳወለቀው አላውቅም» አለች።

እኔ አውቅ ነበር።

«የሚሄዱበትንም ጉዳይ አይናገሩም» ብላ ቀጠለች። «ካፒቴኑ ጭንቅ ውስጥ እንዳይገባ። እሱም አልነገረንም።»

«ሠርግ ወይም ለቅሶ ቢኖርበት ኖሮ መቼም ይናገር ነበር» አለች ዘሃራ። ራሷን ለማጽናናት ነው። ወደ እኔ ዞራ «አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ቴምሩን አፌ ውስጥ እንደያዝኩት አዲስ አበባ ደረስን ብል ማጋነን ነው፤ ግን ሲወርድልኝ አላስታውስም። በማግስቱ ማለዳ አክስቴ ቤት ሆኜ የቅዳሴ ድምፅ ሰማሁ። ትራሱን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

አሁን ዘሃራ ኮምቦልቻ ናት፤ አግብታ ወልዳለች። እኔ አዲስ አበባ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። በየበዓሉ እንደዋወላለን። ያንን ሰው እስካሁን አልረሳችውም። ጨዋታችን መሃል ድንገት ታነሳዋለች። «ያንን ምስኪን እንዲያው ጮኼበት» ትልና ትተክዛለች። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለኛለች፤ «ሳናውቅ ነው። ያላወቀን አላህ ይምረዋል።»

እኔም ሁልጊዜ «አሜን» እላለሁ።

ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ልነግራት ሞክሬ ትቼዋለሁ። የሰውየውን ስም አልጠየቅኩትም፤ ይቅርታ ልለው አልችልም። የዘሃራን ስልክ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰው ፊት መናገር ባይሆንልኝም መጻፍ እችላለሁና፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ እወቁልኝ። ዘሃራ የጮኸችው ሳታውቅ ነው። እኔ አውቅ ነበር።