የደስታ አባት ስም

እኔና አስካል አንድ ካዚኖ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስናነጥፍ ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው። ወገቧ አልቋል፣ ጉልበቷ አልቋል፣ ጉራዋ ግን አላለቀም። በሱዳን አድርጋ በስደት የመጣች፣ ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት የገዛች፣ አንድ ልጇን ዮርዲን በአርባ ሁለት ዓመቷ የወለደች ሴት ናት። ዮርዲ አሜሪካ ምሥራቅ በኩል ያለ የጥንት ኮሌጅ ስትገባማ አትጠይቁኝ! አስካል የኮሌጁ ስም ያለበትን ሹራብ በዚህ በቬጋስ ሙቀት ለብሳ ሺፍት ትገባለች። "ሴትዮ፣ በላብ ልታልቂ ነው" ስላት፣ "ቅናት ነው" ትለኛለች።

አምና ኮሌጁ የገዛ ጉዱን አወጣ። የመጀመሪያውን ሕንፃ የሠሩት ባሮች ናቸው፤ ኮሌጁም በኋላ ሸጧቸዋል። ዮርዲ የድሮውን መዝገብ ከሚያነቡት ተማሪዎች አንዷ ሆነች። ለእረፍት የመጣች ጊዜ እነሱ ቤት ምሳ ላይ ነበርኩ።

"የአባት ስም የላቸውም እኮ፣ እማዬ" አለች። "ስም አለ፣ ከዚያ የእገሌ ንብረት ይላል። በቃ።"

አስካል አለቀሰች። የእውነቷን ነው። "አረመኔዎች! እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለች።

እኔ ወጤ ላይ አቀረቀርኩ፤ ለዚህም የራሴ ምክንያት አለኝ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንዲት ሴት ሕፃኗን አስካልን አዝላ የተነሳችው ፎቶ አለ። አስካል ለልጇ "ያሳደገችኝ አክስቴ ደስታ" ብላ ነው የነገረቻት። ለእኔ ግን አንድ ቀን ሆድ ሲብሳት እውነቱን ነግራኛለች፤ እኔም የቤታችንን ነግሬያታለሁ።

ዮርዲ ፎቶውን አየችው። "ኮሌጁ ውስጥ የባሮቹን ስም በሰው ፊት በምናነብ ቀን ሁላችንም ከቤተሰባችን አንድ ሰው እንጨምራለን። እኔ ደስታን ነው። ላስት ኔሟ፣ የአባቷ ስም ማነው? የአባትሽ እህት ከሆነች የአያቴ አባት ነው፣ አይደል?"

አስካል ፎቶውን ቀና ብላ አየችው። አንድ ስም ብትጠራ ይበቃ ነበር፤ ልጅቷም ኮርታባት ትሄድ ነበር። እኔም በልቤ ጥሪያ አልኳት፤ አሁን አፍርበታለሁ።

"አክስቴ አይደለችም" አለች በመጨረሻ። "አባዬ ነው በልጅነቷ የገዛት። ማድ ቤት ነበር የምትተኛው። ደስታ ያልናትም እኛ ነን።"

"ከዚያ በፊት ስሟ ማን ነበር?"

"አልጠየቅናትም፣ ልጄ።"

ዮርዲ ፎቶውን አውርዳ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ስትሄድ እናቷን አልሳመችም። ከዚያ ወዲህ ስልክ አታነሳም። አስካልም ሹራቡን ተወችው፤ ጉራዋም አብሮ ጠፋ። ያ ጉራ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የንባቡ ቀን ሆቴሉ ምድር ቤት፣ ሠራተኛ የሚበላበት ክፍል ውስጥ፣ በእኔ ስልክ በቀጥታ አየነው። ዮርዲ የባሮቹን ስም ከነጌቶቻቸው አንድ በአንድ አነበበች። መጨረሻ ላይ ፎቶውን ከፍ አደረገች።

"ደስታ። የወልደሥላሴ ንብረት።"

የአስካልን አባት ነው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! አሁን ትጮሃለች ብዬ እጇን ያዝኩ።

"ልክ ናት" አለች። እንባ እንኳ አልነበራትም። ስልኩን አጥፍታ መለሰችልኝና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"እናንተ ቤትስ የነበረችው? ስሟ ማን ነበር?"

እኛ የእኛዋን "አንቺ" ነበር የምንላት።